ከትንሽ ልጅ ጋር ድንኳን የት ይተከል? ከጣና ዳር እስከ ስሜን

«ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ውጭ እንደር» የሚል ሐሳብ ቤት ውስጥ ከተነሳ ክርክሩ ወዲያው ይከተላል። ባል «ስሜን ነው እንጂ» ይላል። ሚስት «በሁለት ዓመት ሕፃን?» ትላለች። ጎረቤት ጎርጎራን ያወድሳል። አያት ደግሞ «ቤት እያለ ሸራ ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ነው» ብለው ሁሉንም ይዘጉታል።

ይህ መመሪያ ባሕር ዳር ለሚኖሩ፣ ወይም ባሕር ዳርን መነሻ አድርገው ወደ ሰሜን ለሚያስቡ ወጣት ቤተሰቦች ነው። የማወዳድራቸው ስድስት ቦታዎች ናቸው፦ ከተማው ውስጥ ያለው የጣና ዳር፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ ዘንገና፣ ጎርጎራ እና ስሜን (የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ)። ዘንገና ወደ ደቡብ ነው፤ ለምን እንዳስገባሁት ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ቀን ቀን ስድስቱም ያምራሉ። ፎቶ አይታችሁ ብትመርጡ የትኛውም አያሳፍራችሁም። የሚለያዩት ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ቦታውን የምመርጠው በትንሹ ልጅ ሌሊት ነው። እሱ ከተኛ ሁሉም ይተኛል። እሱ ካልተኛ የማንም ተራራ አያጽናናም።

መለኪያዎቹ

የመንገዱ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከወር ወር፣ አንዳንዴም ከቀን ቀን ይለያያል። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ብቻ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በዚያ መንገድ ዕለቱን የመጣ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ። ጉዞውን የሚሸጥላችሁ ሰው «ምንም ችግር የለም» ቢል አትፍረዱበት፤ ገበያው ነው። ሹፌሩ ግን መኪናውን ያስባል። መነሻችሁ ጠዋት ይሁን፤ ልጅ ይዞ ማታ መንገድ ላይ መገኘት በደህናው ዘመንም አይመከርም። የሚያጠራጥር ወሬ ከሰማችሁ ሐሳቡን ወደ ቅርብ ቦታ አዙሩት። ከታች ቦታዎቹን ከቅርብ ወደ ሩቅ የደረደርኳቸው አንድም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከፍታና ብርድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስሜን ውስጥ ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥም ይችላል። ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ» ይላል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ዝም ብሎ ይነጫነጫል፣ አልበላም ይላል፣ ያስመልሰዋል። ወላጅ ጥርስ እያወጣ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከፍታ ላይ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ነገ ሳይሆን ያኔውኑ።

ሦስተኛው ትንኝና ውሃ ነው። እዚህ ላይ አንዱን ስትሸሹ ሌላው ይይዛችኋል። ወደ ላይ ስትወጡ ወባው ይቀራል፣ ብርዱ ይመጣል። ወደ ጣና ስትወርዱ ብርዱ ይቀራል፣ ትንኙ ይጠብቃችኋል። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እሱም ለጉዞ ከሚመቹት ወራት ጋር መግጠሙ አይቀርም።

የጣና ውሃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ተውሳኩ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ሰው ውስጥ የሚገባው ደግሞ በቆዳ በኩል ነው። ውሃውን ሳይጠጡ፣ እግር ነክሮ መጫወት ብቻውን ይበቃል። ልጆች ደግሞ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ጥግ ነው። የጣና ዳር ጉዞ ስታስቡ «ልጆቹ ይዋኛሉ» የሚለውን ከዝርዝሩ አውጡት።

አራተኛው ሐኪም ቤት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢነሳ የት ትሄዳላችሁ? ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በሰዓት የሚቆጠር መንገድ ነው።

የመጨረሻው ወጪ ነው። ብሩን እዚህ ብጽፈው በወሩ ያረጃል፤ ስለዚህ ገንዘቡ የሚሄድበትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ጀልባ የሚከራየው እንደ ጀልባ ነው እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። ሁለት ቤተሰብ ከሆናችሁ ግማሽ ትከፍላላችሁ። የኮንትራት መኪናም እንደዚሁ ነው። ስሜን ላይ ግን የመግቢያ፣ የስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ)፣ የአስጎብኚ፣ የበቅሎና የምግብ አብሳይ ክፍያ በየቀኑ ይደመራል። ስለዚህ አንድ ሌሊት መጨመር ቀላል አይደለም።

ከተማው ውስጥ ያለው የጣና ዳር

ብዙ ሰው ይንቀዋል። «እዚሁ ሰፈራችን ልናድር ነው ወይ?» ይላል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁና ይህ የመጀመሪያ የድንኳን ሌሊታችሁ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ዳር ሰፊ የአትክልት ቦታ ያላቸው ሎጆችና የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። በግቢያቸው ድንኳን ለመትከል ጠይቁ። የሚፈቅዱት ዘበኛ፣ መጸዳጃ ቤትና መብራት አብረው ይሰጧችኋል። ልጁ ሌሊት «ቤቴ» ብሎ ቢያብድ በባጃጅ ቤታችሁ ናችሁ። ወይም ክፍል ተከራይታችሁ ድንኳኑን በረንዳው ፊት ትተክሉታላችሁ። ግማሹ ቤተሰብ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ያድራል። ይህን የሚያፌዝበት ሰው ሕፃን ይዞ ውጭ አድሮ አያውቅም።

ያለ ግቢ፣ ባዶ ዳርቻ ላይ ግን አትትከሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። ውሃ ዳር የተረገጠ፣ እንደ ቦይ የተሰነጠቀ የሣር መንገድ ካያችሁ የእሱ መመላለሻ ሊሆን ይችላል።

ቀኑን የሚሞላ ነገር አይጠፋም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች። በዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከላይ ታዩታላችሁ። የእኔ ልጆች ግን ከሁሉም የወደዱት ታንኳ ሠሪዎቹን ነው። ሰውየው የደረቀ ደንገል በጥቅል በጥቅል ያስራል። በጉልበቱ ተጭኖ ገመዱን ይስባል፣ ጫፉን ወደ ላይ ይቆለምመዋል። ምስማር የለም፣ እንጨት የለም። ከውሃ የወጣው ታንኳ ደግሞ የጠጣው ውሃ እንዲንጠፈጠፍ ቆሞ ይደርቃል፤ ሳይደርቅ ከቆየ እየከበደ ይሄዳል። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ቆሞ ለግማሽ ሰዓት ያያል። እኔም አያለሁ።

ጉድለቱ ትንኝ ነው። ሙዚቃም አለ፤ በተለይ ቅዳሜ ማታ ከአጎራባች ግቢ የሚመጣው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጡ።

ዘጌ

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪናም ይደረሳል። ዘጌ የሚወደድበት ምክንያት ጥላው ነው። ልሳነ ምድሩ በቡና ደን የተሸፈነ ነው፤ ጌሾና ሎሚም አለ። የእግር መንገዱ በደኑ ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ፀሐይ ልጆቹን አታገኛቸውም። ጦጣ ይታያል፣ ወፍ ይሰማል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደረስ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላው ሥዕል ልጆችን ዝም ያሰኛል። ሁሉም ሥዕል ታሪክ አለው። ቄሱ ጊዜ ካላቸውና በአክብሮት ከጠየቃችኋቸው ይተርኩላችኋል።

ቤተሰብ ሆናችሁ ስትሄዱ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ሴት የማያስገባ ገዳም አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ጀልባ ስትዋዋሉ «ሁሉንም ደሴት አሳያችኋለሁ» ከተባላችሁ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበትን ደሴት ከሒሳቡ አስወጡት። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉንም ያስገባሉ።

ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከተላል። ስለዚህ በጠዋት ሄዳችሁ ከምሳ በፊት ተመለሱ። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት የሚደረገውን ንግግርም ልንገራችሁ፤ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

«ወንድሜ፣ ላይፍ ጃኬት አለ?»

«አለ እህቴ፣ ምን ጠፍቶ!»

«የልጅ?»

እዚህ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ «አይዞሽ፣ ውሃው ሰላም ነው» ይመጣል። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ቢታሰር ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። የልጅ መጠን ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ ወይም በመኪና ሂዱ። በዚህ ነገር መሸማቀቅ የለም።

ማደርስ? ደኑ የገዳማቱና የነዋሪው ነው። ያለ ፈቃድ ድንኳን የሚተከልበት አይደለም። እኔ ዘጌን ለቀን ውሎ ብቻ አስቀምጠዋለሁ። ከጣና ዳሩ ሌሊት ጋር ሲጣመር ግን ሙሉ የሁለት ቀን ጉዞ ይወጣዋል።

ጢስ ዓባይ

30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የሚወስነው ወሩ ነው። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ነገር ግን የወንዙ ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ በጣም ይቀጥናል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሄዳችሁ ስሙን ያገኘበትን ጢስ ፊታችሁ ላይ ትቀበላላችሁ። በመጋቢት ከሄዳችሁ ልጆቹ «ይኸው ነው?» ይሏችኋል። መልስ የላችሁም።

መንገዱ በአላታ ድልድይ በኩል ያልፋል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከዚያ በኋላ ዳገት አለ፣ ድንጋይ አለ፣ በክረምት ጭቃ አለ። የልጅ ጋሪ እዚህ ዋጋ የለውም። አንቀልባ ያዙ። በአንቀልባ ነገር የአያትን ምክር እቀበላለሁ። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በእጅ ይያዝ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ መከለያ አትጠብቁ።

ለማደሪያ አልመክረውም። ባሕር ዳር ይህን ያህል ቀርቦ እዚያ ለማደር ምክንያት የለም። ለግማሽ ቀን ግን በገንዘብም በድካምም ከሁሉም የሚረክስ ነው።

ዘንገና

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ እንጅባራ አካባቢ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰሜን አይደለም፤ ያስገባሁት ለልምምድ ስለሚጠቅም ነው። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ይሰማል፣ ግን አይገድልም። ስሜን የሚያስቡ ሰዎች የልጆቻቸውን ልብስና የራሳቸውን ትዕግስት እዚህ ይፈትኑ። ከዋናው መንገድ ቅርብ ስለሆነ ካልሆነ እንጅባራ ገብቶ ክፍል መያዝ ይቻላል። ዳርቻው ግን ወዲያው ይጠልቃል። ውሃው ዳር ልጅ ለብቻው አይለቀቅ። ጥር 23 ላይ ከገጠመላችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ላይ ታያላችሁ። ያን ቀን ግን አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

ጎርጎራ

የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። በመኪና ከሄዳችሁ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞራችሁ፣ አዘዞ አካባቢ ወደ ደቡብ ታጥፋላችሁ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሙሉ የመኪና ቀን ማለት ነው፤ ልጅ ካለ ደግሞ ማቆሚያው ይበዛል።

የሚሰጣችሁ ምንድን ነው? የሐይቅ ዳር ጸጥታ። ባሕር ዳር ላይ የማታገኙት እሱን ነው። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ሥዕሎቿ አሉ። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽም በአካባቢው አለ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ደግሞ ቦታውን ከቀድሞው ሌላ አድርጎታል። ገንዘብ ላለው ቤተሰብ ምቾቱ እዚያ ነው። ድንኳን ለሚፈልግ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ የት እንድትተክሉ ይፈቀድላችኋል? ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ጨርሱ። «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ከደከመ ልጅ ጋር አይሆንም።

ወባውና ቢልሃርዚያው እንደ ባሕር ዳር ነው። እምቦጩም አለ። ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ በሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው አረም ነው፤ አንዳንዴ ዳርቻው ውሃ ሳይሆን አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል። ልጅ መሬት መስሎት ሊረግጠው ይችላል።

የእኔ ፍርድ፦ ለጎርጎራ ብቻ ብሎ ከባሕር ዳር መነሳት ብዙ አያዋጣም። ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ ግን አንድ ሌሊት ቢጨምርላት አይቆጭም።

ስሜን

አሁን ባል ወደሚለው ቦታ ደረስን። ባሕር ዳር–ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎንደር–ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ላይ ነው። መግቢያው የሚከፈለው እዚያ ነው፣ ስካውትም ከዚያ ይመደብላችኋል። ያለ ስካውት መግባት የለም። ስሜን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለረጅም ጊዜ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ።

ስለ ውበቱ አልከራከርም። ከፓርኩ ካምፖች አንዱ በሆነው ሰንካበር ላይ ጠዋት ተነስታችሁ ገደሉ አፋፍ ስትቆሙ ከታች ያለው አገር ማለቂያ የለውም። ልጅ ግን ገደል አያይም። ልጅ የሚያየው ጭላዳ ነው። መንጋው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ ወደ አፉ ይልካል፣ ሳይነሳ በቂጡ ፈቀቅ ይላል። ግልገሉ እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ሰው ስለለመዱ ብዙም አይሸሹም፤ እናንተ ግን አትመግቧቸው፣ ልጁም እየሮጠ መሃላቸው አይግባ። ጨነቅ የሚባለው ካምፕ አካባቢ ዋሊያም ሊታይ ይችላል። ከስሜን ሌላ በዓለም የትም የለም።

እንግዲህ ሌሊቱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዚያው ልክ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ሰንካበር 3,250 ሜትር፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከባሕር ዳር ጠዋት ተነስቶ ማታ ሰንካበር ማደር ማለት በአንድ ቀን ከ1,400 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። ስለዚህ ከልጅ ጋር አካሄዱ ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ጎንደር፣ ሁለተኛውን ደባርቅ፣ ሰንካበርን ከዚያ በኋላ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በዚህ ሒሳብ ጨነቅን በቀን በመኪና አይቶ ወርዶ ሰንካበር ማደር ይቻላል። ራስ ዳሸንን ልጆቹ ሲያድጉ ይወጡታል።

የምመርጠው መካከለኛ መንገድ አለ። ደባርቅ ክፍል ይዛችሁ እዚያው እደሩ፤ ቀን ቀን ግን ፓርኩ ውስጥ በመኪና ግቡና በእግር ተንሸራሸሩ። ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ አይቀርላችሁም፤ ግድግዳና ትኩስ ሾርባ ግን አለ። ልጆቹ ጭላዳውን ያያሉ፣ ሸራ ውስጥ አይንቀጠቀጡም። ድንኳኑን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትመለሱበታላችሁ። ይህ የሕክምና ቁጥር አይደለም፤ የእኔ ግምት ነው። ልጁ «በረደኝ፣ ራሴን አመመኝ» ብሎ በትክክል መናገር የሚችልበት ዕድሜ ነው። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ደግሞ በቅሎ አለ። ለዕቃ ተብሎ የተከራየች በቅሎ የደከመች የስድስት ዓመት ልጅንም ትሸከማለች። ነጂው መያዝ ያውቅበታል። ሁለት በቅሎ ተከራዩ፤ ወጪው ከጉዞው መበላሸት ይሻላል።

«ጉናንስ?» የሚል አይጠፋም። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀ ማደሪያ የሌለው ተራራ ነው። ለጎልማሶች ይቆይ።

በአንድ እይታ

| ቦታ | ርቀት ከባሕር ዳር | ከፍታ | የሌሊት ብርድ | ወባ | ድንኳን | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጣና ዳር (ከተማ) | እዚሁ | 1,800 ሜ. ገደማ | ቀላል | አለ | በግቢ ውስጥ | ዝቅተኛ |
| ዘጌ | በጀልባ 1 ሰዓት ገደማ | 1,800 ሜ. ገደማ | – | አለ | ለቀን ውሎ | መካከለኛ (ጀልባው) |
| ጢስ ዓባይ | 30 ኪ.ሜ ገደማ | ከባሕር ዳር ዝቅ ይላል | – | አለ | ለግማሽ ቀን | ዝቅተኛ |
| ዘንገና | 120 ኪ.ሜ ገደማ | 2,500 ሜ. ገደማ | ጠንከር ያለ | አነስተኛ | ለልምምድ | መካከለኛ |
| ጎርጎራ | ከ200 ኪ.ሜ በላይ | 1,800 ሜ. ገደማ | ቀላል | አለ | አስቀድሞ ተስማምቶ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ስሜን | 280 ኪ.ሜ ገደማ (ደባርቅ) | ከ3,200 ሜ. በላይ | በጣም ከባድ | የለም ማለት ይቻላል | በፓርኩ ካምፖች | ከፍተኛ |

ይከራይ ወይስ ይገዛ?

ለጣና ዳር ድንኳን መግዛት ያዋጣል፣ ለስሜን መከራየት። ምክንያቱም ሁለቱ የሚፈልጉት ድንኳን አንድ አይደለም። ለጣና የምትፈልጉት ቀለል ያለ፣ መስኮቱና በሩ የትንኝ መረብ ያለው ነው። ዚፑን እስከ ጥግ ዘግታችሁ ክፍተት መኖሩን በጣታችሁ ፈትሹ። ትንኟ የምትገባው በዚያች ጥግ ነው። ለስሜን ደግሞ የላይኛው ሸራ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ንፋስ የማያስገባ ያስፈልጋል። ይህን ጎንደርና ደባርቅ ላይ የሚያከራዩ አሉ። ስትቀበሉ እዚያው ተክላችሁ እዩት።

የመኝታ ከረጢት በልጅ መጠን ማግኘት ይቸግራል። ቡልኮ ያዙ። ጋቢ ያምራል፤ ለሰንካበር ሌሊት ግን ብቻውን አይበቃም። ከሁሉም በላይ ከሥር የሚነጠፈውን አትርሱ፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ መኪና ላይ ቦታ ቢይዝም ይያዝ።

ለጣና ዳር ከአጎበር ሌላ እጅጌ ረጅም ልብስ በማታ። ከተመለሳችሁ በኋላም ለሳምንታት አስታውሱ፦ ልጅ ትኩሳት ካሳየ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ የት አድሮ እንደነበርም ለሐኪሙ ይነገር።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ የትኛውንም የታሸገ ምግብ ያስንቃሉ። ድርቆሽ በአንድ ድስት ፍርፍር ይሆናል። ውሃ ዳር ከሆናችሁ ዓሣው ትኩስ ነው፤ በደንብ ይብሰል እንጂ። ውሃ ግን በጄሪካን ከቤት ያዙ፤ ካለቀ አፍሉ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት።

ለማን የትኛው?

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ፦ ጣና ዳር በግቢ፣ በማግስቱ ጠዋት ዘጌ። ሌላ አትፈልጉ።

ኪሳችሁ የሳሳ ከሆነ፦ በመስከረም ወይም በጥቅምት ጢስ ዓባይን በቀን፣ ሌሊቱን የዘመድ ግቢ ውስጥ ድንኳን። ልጅ ሣር ላይ ካደረ ግቢው የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች ካላችሁና ስሜን ስሜን የምትሉ ከሆነ፦ መጀመሪያ ዘንገና አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ደባርቅ ክፍል ይዞ ቀን ቀን ፓርክ።

ከሰባት በላይ ለሆኑ፦ ሰንካበር፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት በቅሎ። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ብትሄዱ የመኪናው፣ የስካውቱና የአብሳዩ ወጪ ለሁለት ይከፈላል። ልጆቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ እናንተም ቡና ትጠጣላችሁ።

አያትን ይዛችሁ የምትሄዱ፦ ጎንደርና ጎርጎራ፣ ግን ክፍል ውስጥ። «ሸራ ውስጥ» የሚለው ነገር እንደገና እንዳይነሳ።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ መንገዱን በሙሉ በመኪና መሄድ አይጠበቅባችሁም። ባሕር ዳርም ጎንደርም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ጣናን ብቻ ከፈለጋችሁ በባሕር ዳር ገብታችሁ በባሕር ዳር ውጡ። ስሜንን ከፈለጋችሁ ቀጥታ ጎንደር ብረሩ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለማጣመር ካሰባችሁ የመካከሉን 180 ኪሎ ሜትር ለመንዳት የምትወስኑት በዚያ ሳምንት ከሹፌሮቹ ጋር ተነጋግራችሁ ይሁን፤ ትኬቱም ቀን የሚቀየርበት ዓይነት ይሁን።